ይቺን ዙር ብቻ

ሌንሱ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰነጠቀባት።

"ዛሬ ምን ነክቶሻል?" አሉ የመነጽር ቤቱ ባለቤት ከመጋረጃው ማዶ። "ጆሮ አለኝ እኮ። ይሄ ሁለተኛው ነው።"

"ሦስተኛ አይኖርም፣ ጋሼ።"

"ቢኖርማ አንቺን ነው ማሽኑ ላይ የምሞርደው።"

የመሞረጃ ማሽኑን አጥፍታ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገችና ስልኳን አወጣች። ዝሆን ከሚሉት የጨዋታ ጓደኛዋ ምንም የለም። ከሦስት ቀን በፊት የሠራችውን ጨዋታ አያይዛ የላከችለት መልእክት ሥር ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ተጋድመዋል፤ ማንበቡንስ አንብቦታል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል። የትንንሽ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ውድድር የሚዘጋው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ደቂቃ ያሳለፈ ሰው የሚመጣውን ዓመት ይጠብቃል። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሥዕሉን የምትሠራላት ሎሚ ሌላ ሥራ ልትጀምር ነው። ጨዋታዋ ዛሬ ካልተላከ የሦስት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው።

"ላኪውና ተገላገዪ" ብላ ጽፋላታለች ሎሚ፣ ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ። እሷ ግን ከዝሆን አንድ ቃል ሳትሰማ እጇ አልታዘዝ አላት። በጨዋታው ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የእሱ ነው። ድምፁ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከፋ ነበር።

የተኩስ ጨዋታ ነው። ይህን ስትናገር ሰው ሁሉ "አንቺ? ተኩስ?" ይላታል፤ መልስ መስጠት ከተወች ቆይታለች። አራት ወታደሮች በተከበበ ፎቅ ውስጥ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ወለል ላይ ሆኖ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ በሬዲዮ ብቻ እየተነጋገሩ ይዋጋሉ። ጥይታቸው ትንሽ ነው። ተጫዋቹ ግን ከጥይቱ ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት ለሬዲዮው ነው፤ ጓደኛው "አለህ?" ብሎ ሲጠራው "አለሁ" ካላለ፣ ያ ጓደኛ ከካርታው ላይ እየደበዘዘ ሄዶ ይጠፋል። የጨዋታው ስምም "አለሁ" ነው።

ከራሷ ሕይወት የቀዳችው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አራት የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ ትልቅ የተኩስ ጨዋታ ላይ ዕጣ አገናኛቸው፤ ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ መልስ፣ መገናኘት ልማድ ሆነ። እሷን አንድ ቦታ ስለማትረጋ ቁንጫ አሏት። እሱን ሲራመድ ኮቴው በማይክሮፎኑ ሳይቀር ስለሚሰማ ዝሆን አሉት። ሎሚ ምላሷ ኮምጣጣ ነው። አራተኛውን ዳኛው ይሉት ነበር፤ አግብቶ መንታ ወለደና "ይቅናችሁ" ብሎ ወጣ። የሌላውን ፊት ያየ አንድም የለም። ዝሆን በሌላ ከተማ ጎማ ይጠግናል። ሱቁን ረግጣው አታውቅም፤ ግን ከሰፈሯ ሱቅ ይልቅ ታውቀዋለች፦ የአየር መሙያውን ጩኸት፣ የመዶሻውን ምት፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ጎማ እኮ ሞቷል፣ ቅበረው" የሚላቸውን ደንበኞች ሁሉ።

የዝሆን አባት ያረፉት በጨዋታ ሰዓት ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ሳሉ፣ ስልኩ ጮኸ። አባቱ ነበሩ። አላነሳውም። ዙሩ አስራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። መልሶ ሲደውል ያነሳችው እህቱ ነበረች፣ እያለቀሰች። ልባቸው ነው፤ ድንገት ነው፤ የጠረጠረ ማንም አልነበረም። ይህን የነገረው ለእሷ ብቻ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ። "ምን ሊለኝ እንደነበር አላውቅም" አላት። "ምናልባት ስትመጣ ጨው ግዛ ሊለኝ ይሆናል።"

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያስገባችው ይህንን ነው። ዝሆን የተባለው ወታደር ኪስ ውስጥ ስልክ ይጮሃል፤ "አባዬ" የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ወታደሩ "ይቺን ዙር ልጨርስ" ብሎ ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ድምፁን የቀዳላት ራሱ ነው፤ ግን የት እንደሚገባ ሳያውቅ። መቶ አርባ ዓረፍተ ነገር በዝርዝር ላከችለት፣ እሱም የደንበኛ መኪና ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ አነበበላት። "ይቺን ዙር ልጨርስ" የምትለዋ ሰማንያ ሰባተኛዋ ነበረች። ልትነግረው ስንት ጊዜ አስባ "ሲያየው ይገባዋል" ብላ ተወችው። እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነው። ስለዚያ ምሽት ስታስብ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትዘላለች፤ ጨዋታውን ስትጽፍም ዘለለችው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። ዝሆን ነው። የያዘችውን ፍሬም አስቀምጣ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

"አለህ?"

"አለሁ።" የአየር መሙያው ከኋላው ያጓራል። "ቆይ ወደ ውጪ ልውጣ።" ኮቴው ተሰማ። "እሺ። ተጫወትኩት። ሁለት ጊዜ።"

"እና?"

"ጥሩ ነው። የሎሚ ሥዕል ልዩ ነው። ደረጃው ላይ ያለችው ድመት አሳቀችኝ።"

"ዝሆን፣ ሦስት ቀን የጠፋኸው ስለ ድመት ልትነግረኝ አይደለም።"

"አይደለም። ስልኩ ሲጮህ ከወንበሬ ተነሳሁ። የኔ መስሎኝ ኪሴን ዳበስኩ። ከዚያ 'አባዬ' የሚለውን አየሁ።"

"አስቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር። ይቅርታ። በእውነት ይቅርታ። አውጪው ካልከኝ አሁኑኑ አወጣዋለሁ፣ ገና ሰዓት አለኝ።"

"አውጪው አላልኩም።"

"ታዲያ?"

"አንድ ሰው ጎድሏል።"

"ዳኛውን ነው? ዳኛው እኮ ራሱ ነው 'አታስገቡኝ' ያለው፣ ሚስቱ ካየችው..."

"ቁንጫ፣ አትዝለዪ" አላት። "ያን ምሽት 'አባዬ እየደወለ ነው፣ ልውጣ' ብያለሁ። ማይኬ ክፍት ነበር፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንቺ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?"

ታስታውሳለች። እየሳቀች ነበር ያለችው፦ "ይቺን ዙር ብቻ ጨርስልን፤ አባትህ የትም አይሄዱም።" ሰው በቀን አስር ጊዜ የሚለው ዓይነት ቃል ነው። ጠላት ደረጃው ላይ ደርሷል፣ እሱ ከወጣ አራቱም ያልቃሉ፤ የሰው አባት በዚያች ሰዓት ይሄዳሉ ብሎ ማን ያስባል?

"አስታውሳለሁ" አለች።

"አራት ዓመት አንድም ቀን አላነሳሁብሽም። ሆድ ይፍጀው ብዬ። ደግሞም ስልኩ የኔ፣ አባትየው የኔ፣ ያላነሳው እጅ የኔ። ባንቺ ላላክክ አይደለም። ግን ቁጭ ብለሽ ታሪኩን ስትጽፊው ብቻዬን አደረግሽኝ። የሚያየው ሰው ሁሉ 'አባቱን የናቀ' ነው የሚለኝ።"

"ኧረ አይሉህም።"

"እኔ ራሴ አልኩ! የገዛ ድምፄን ሰምቼ 'አንተ ድንጋይ' አልኩት።"

እንባዋ መጣ። ድምፅ እንዳይወጣት አፏን በሽርጧ ያዘች፤ እሱ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ትንፋሿን ሲሰማ የኖረ ሰው ነው።

"አታልቅሺ፣ ሥራ ላይ ነሽ" አላት። "ድምፄ ይኑር። አባዬም ይኑር። እኔን ብቻ ብቻዬን አታስቀሪኝ። ደንበኛ መጣብኝ፣ ቻው።"

ፊቷን ታጥባ ወጣች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ቀደም ብዬ ልሂድ?"

ባለቤቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩዋት። በዓይን የሚተዳደሩ ሰው ናቸው፤ የእሷ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። "ሰው ሞቶብሽ ነው?"

"አይ። አዎ። ቆይቷል።"

"ከቆየስ ምን ያስቸኩልሻል?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ እጃቸውን አወዛወዙ። "ሂጂ፣ ሂጂ። አንቺ ዛሬ ከቆየሽ ለኔ ሌንስ አይተርፈኝም።"

ቤት ስትደርስ አስር ሰዓት ሆኗል። እናቷ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ የጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት እየሞላች ነው። እናቷ ሃያ ስድስት ዓመት በስልክ ቤት ጥሪ የምታገናኝ ኦፕሬተር ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ዛሬም ስልክ ስታነሳ ድምፅዋ ይቀጥናል።

"በጊዜ መጣሽ! ዛሬ ስንት ገደልሽ?"

በየቀኑ የምትላት ቀልድ ነው። ሌላ ጊዜ "አስራ አምስት፣ ገና ነው" ብላ ታልፋለች። ዛሬ በቀጥታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ኮምፒውተሩ እያቃሰተ ሲነሳ ለሎሚ ጻፈችላት፦ "ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር ነው።"

መልሱ ወዲያው መጣ። "አብደሻል? የሚሠራ ነገር አይነካም! ባለፈው የፎቁን በር ስትነኪ ጣሪያው የጠፋውን ረሳሽው? የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ።"

"ግድ ነው።"

"እሺ ማን ነው የሚናገረው?"

እዚህ ላይ ቆመች። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ የሚሆነው ቁንጫን ነው፣ እሷን። ቁንጫ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅ የላትም። አንድ ቁልፍ ሲጫን ሬዲዮዋ "አለሁ" የሚል ጽሑፍ ያሳያል፣ ሌላ ትንፍሽ አትልም። ምክንያቱን ሎሚ ስትጠይቃት "ተጫዋቹ ራሱን እንዲያይባት ነው" ብላት ነበር። ሎሚም "ዋው" ብላ አምናለች። ራሷም አምና ነበር።

"ከሬዲዮው የሚመጣ አንድ ድምፅ ይሁን" ብላ ጻፈች። "በጽሑፍ ብቻ።"

አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ሁለት ጊዜ ጨዋታው ተዘጋባት፣ አንዴ ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጥታ ቀረች። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተስተካከለ። ስልኩ ይጮሃል፣ "አባዬ" ይላል፣ ዝሆን ከመስኮቱ ዞር ይላል፣ ከሥሩ ጽሑፉ ይመጣል፦ "አንድ ድምፅ፦ ይቺን ዙር ብቻ ጨርስልን፤ አባትህ የትም አይሄዱም።" እፎይ አለች። ቃሉ ገብቷል፣ ዝሆን ብቻውን አይደለም፣ ሰዓትም አለ።

እናቷ ውሃ ይዛላት ገባችና መነጽሯን አስተካክላ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። መነጽሩን የሠራችላት ልጅቷ ናት፤ እናቷ የምታየውን ሁሉ ታነባለች።

"ይሄ 'አንድ ድምፅ' የሚባለው ማነው?"

"ማንም አይደለም። ከሬዲዮው የሚመጣ ነው።"

"ማንም ያልሆነ ሰው ይናገራል እንዴ?"

"እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ሰዓት የለኝም።"

እናቷ አልሄደችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እኛ ስልክ ቤት ጥሪ ያዘገየች ልጅ መዝገቡ ላይ ከጥሪው ጎን የራሷን ቁጥር ትጽፍ ነበር። የኔ ቁጥር አስራ ዘጠኝ ነበር። 'መስመር ተይዞ ነው' ብሎ መጻፍ አይቻልም። አለቃችን ክፉ ሴት ነበረች፤ 'መስመር ራሱን አይዝም፣ የያዘችው አለች' ትለን ነበር።"

"ብዙ ጊዜ ጻፍሽ?"

"ኧረ ስንት ጊዜ! አብዛኛው የሰላምታ ጥሪ ነው፣ ቢዘገይም ማንም አይሞትም። አንዱን ግን አልረሳውም። ሚስቱን ምጥ ይዟት ሐኪም የሚፈልግ ሰው ነበር። ከማዶ ጣቢያ ጓደኛዬ ጋር ወሬ ይዤ ሰባት ደቂቃ አቆምኩት። መልኳን አይቻት የማላውቅ ጓደኛዬ ናት፣ እንዳንቺዎቹ። ደግነቱ ልጁ በሰላም ተወለደ። አስራ ዘጠኝ ብዬ ስጽፍ በጣም አፍሬ ነበር። ባልጽፈው ግን ያን ሌሊት አልተኛም ነበር።"

እናቷ ውሃውን ወደ እሷ ገፋ አደረገችላት።

"አንቺስ ማንን ነው ያዘገየሽው?"

"ዝሆንን።"

"ጎማ ሠሪውን? ያ ድምፁ ደስ የሚለው ልጅ?"

"እሱን።"

"እና ምን ትጠብቂያለሽ? ቁጥርሽን ጻፊያ" አለችና ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ስትወጣ በሩን ዘጋችላት።

ማይክሮፎኑን ከመሳቢያ አወጣች። ስንት ሰዓት የሰው ድምፅ ስትቆርጥና ስትቀጥል ከርማ የራሷን አንድም ቀን ቀድታ አታውቅም። መስኮቱን ዘጋችና ተናገረችው። ስትሰማው እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ሆናለች፤ ደመሰሰችው። ያን ምሽት ምንም አላዘነችም። ሁለተኛውን ፈጠን አድርጋ አለችው፣ ትእዛዝ መሰለ። ያን ምሽት አላዘዘችም። ያን ምሽት ዳኛው ከመስኮት ወደ መስኮት እዘላለሁ ብሎ ወድቆ፣ አራቱም እየሳቁ፣ እሷ ከሁሉም በላይ እየሳቀች፣ ከሥራ ድካሟ ሁሉ ወጥታ ከሚወዷት ሰዎች መሃል ነበረች። ደስ ብሏት ነበር። አሁን የከበዳት ይህ ነው፤ ያን ደስታ እንደነበረ መልሳ ማሰማት አለባት።

ዓይኗን ጨፍና ዳኛውን ሲወድቅ አሰበችው። "ኧረ ባክህ!" ያለውን አስታወሰች። ሳቋ ሲመጣ ሳትይዘው ተናገረች፦ "ይቺን ዙር ብቻ ጨርስልን፤ አባትህ የትም አይሄዱም።" ከዚያ ቀረጻውን አቁማ አለቀሰች፣ አሁን አፏን ሳትይዝ። እናቷ ሰምታለች፤ ግን አልመጣችም።

"አንድ ድምፅ" የሚለውን አጥፍታ "ቁንጫ" ብላ ጻፈች። ድምፁን ከቦታው አስገባችው። ጨዋታውን አስነሳች። ስልኩ ጮኸ፣ ዝሆን "አባዬ እየደወለ ነው" የሚል መልክ ይዞ ዞረ፣ ዝም ብላ የኖረችው ቁንጫ በሳቅ ተናገረች፣ ዝሆን "ይቺን ዙር ልጨርስ" አለ። ያው ሰማንያ ሰባተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ አሁን ግን ለሰው የተሰጠ መልስ ሆኗል። ጣሪያው በቦታው ነው። ድመቷም በቦታዋ ናት።

ለሎሚ ላከችላት። ሎሚ ሁልጊዜ ወዲያው ነው የምትመልሰው፤ ዛሬ ቆየች።

"እኔም ያን ምሽት ስቄያለሁ" ብላ ጻፈች በመጨረሻ። ቀጥላ፦ "ላኪው። ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው።"

የውድድሩን ገጽ ከፈተች። ስም ተሞልቷል፣ ሥዕሎቹ ገብተዋል፣ የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ፋይሉ እስኪሄድ አምስት ደቂቃ ይበላል፤ ትናንት ሞክራዋለች። እጇን ቁልፉ ላይ አሳረፈችና መልሳ አነሳችው። ዝሆን አንዴ የአባቱን ጥሪ ሳይነገረው ስክሪን ላይ አግኝቶታል። ይህንንም ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሊሰማው ነው? የማያውቃቸው የውድድሩ ዳኞች ሊቀድሙት?

ደወለችለት። በአራተኛው ጥሪ አነሳው።

"አለሁ!" አለ እየጮኸ። የአየር መሙያው ሥራ ላይ ነው፣ መዶሻ ይሰማል፣ አንድ ሰውዬ ይነጫነጫል።

"ዝሆን፣ አንድ ነገር ላሰማህ ነው። የኔ ድምፅ ነው፤ ያን ምሽት ያልኩት፣ እንዳለ። አንተ ሳትሰማው ለማንም አይሄድም።"

"ምን? እዚህ ምንም አይሰማም! የጭነት መኪና ጎማ ፈትቼ ባለቤቱ አናቴ ላይ ቆሟል። ይቺን ጎማ ብቻ ልጨርስና ወደ ውጪ ወጥቼ እሰማሻለሁ።"

የሎሚ መልእክቶች ስክሪኑ ጥግ ላይ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። "ላኪ።" "ላኪው እኮ!" "የት ሄድሽ???" ሰዓቱ ለአስራ ሁለት አስር ጉዳይ ይላል።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ዝሆን። መዶሻው ቆመ። "የውድድሩ ሰዓት አልደረሰብሽም እንዴ?"

"አንተ ጎማህን ጨርስ" አለችው። "እኔ የትም አልሄድም።"

ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ እጇንም ከቁልፉ አርቃ ጭኗ ላይ አደረገች። ከማዶ መዶሻው እንደገና ጀመረ።